የቁጥር አራት ቀይ ክር

ሲት ኢንሳፍን የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሰው ታሰለቻለች። ይህን የምለው ጠልቻት አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ። «ሲት» እኛ ዘንድ እመቤት እንደ ማለት ነው፤ ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ ዞር ስትል እንደማናችንም «እሷ» ናት። እዚህም እንደዚያው ልቀጥል። ደክሞኛል፣ ለትህትና የተረፈ ጉልበት የለኝም።

ሥራችን የእስክንድርያን የዝናብ ውሃ መምጠጥ ነው። ከማርዩት ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት የፓምፕ ጣቢያ እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሲት ኢንሳፍ ደግሞ የመለኪያ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ስል ሰው ታዛለች ማለቴ አይደለም። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተመቱ አሥራ አንድ ምስማሮች፣ ምስማሮቹ ላይ የተንጠለጠሉ አሥራ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ መልቲሜትሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ አንዲት ሴት። በቃ።

መለኪያ ልትወስድ ስትገባ «እንዴት አደርክ» የሚባል ነገር የለም። ከጠረጴዛው አጠገብ ያለውን ሶኬት በአገጯ ታሳይሃለች።

«አሳየኝ።»

የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ሶኬቱ ውስጥ ትከታለህ። የመለኪያው መስኮት ላይ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ወይም እዚያው አካባቢ ካልመጣ ዕቃው ከክፍሉ አይወጣም። ከመጣ እስክሪብቶ ትሰጥሃለች፣ ትፈርማለህ። ሥራህን ጨርሰህ፣ ላብህ በጀርባህ እየወረደ ስትመለስም ያው ነው፤ «አሳየኝ።»

አንድ ቀን ተናድጄ፣ «ሲት ኢንሳፍ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት አሳይቼዎት የለም እንዴ?» አልኳት።

«ሲሄድ ደህና ነበር። ሲመለስ ታሞ ከሆነ፣ መሃል ላይ የነገረህ ሁሉ ውሸት ነው። ሽቦው ሞቷል ብሎህ ሳይሞት ነክተኸዋል ማለት ነው።»

«ብነካው ኖሮ እሞት ነበር። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«እሱንም ሶኬቱ ይንገረን» አለችና እጇን ዘረጋች።

ሕጓ በዚህ አያበቃም። ገመዶቹን በመለኪያው ላይ ጠምጥመህ ካመጣህ፣ «አንገቱን አትነቀው!» ብላ ትጮህብሃለች፤ ገመድ የሚበጠሰው አንገቱ ላይ ነው፣ ያውም ከውስጥ፣ ሳይታይ። ማዞሪያው ከፍተኛው ቮልት ላይ ካልተመለሰ አትቀበልህም፤ ቀጥሎ የሚወስደው ሰው ሳያይ ይሰካዋላ። የባሕሩ እርጥበት የማይበላው ነገር ስለሌለ፣ ከአሮጌ አንሶላ በሰፋቻቸው ከረጢቶች ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ሩዝ ትከታለች፤ ሩዙን በየወሩ ጣሪያ ላይ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ለዕረፍት ቀኑ ጫማውን ሲያስር፣ እሷ ከየመለኪያው ሆድ የባትሪ ድንጋዩን እያወጣች በብርጭቆ ውስጥ ትደረድራለች። እሑድ ጠዋት መልሳ ትከታለች። ድንጋይ ሥራ በፈታ ዕቃ ውስጥ ከተረሳ እንደሚያለቅስና ዕንባው መዳብ እንደሚበላ የነገረችን እሷ ናት፤ ነግራን ነግራን አፏ ደረቀ፣ እኛ ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነን።

ታዲያ ቀልዱ ነው የተረፈን። የጣቢያው ሾፌር ሸሐታ፣ «ሲት ኢንሳፍ ያላገባችው ለምን መሰለህ? ለጋብቻ የመጣውን ሁሉ ሶኬቱ ላይ አሳየኝ እያለች ነው» ይላል። እሷ ፊትም ይለዋል። እሷም፣ «አንተን ግን ሚስትህ ሳትፈትሽ ወሰደችህ፣ አሁን ይኸው ማን ይመልስላት» ትለዋለች።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ለእኛ ነፍስ ሳስታ እንዳይመስላችሁ። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የወረቀት ፍርሃት ነው። እኛ ዘንድ የመንግሥት ዕቃ ሰው ስም ላይ ይፈረማል፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ እያንዳንዱን ዕቃ አስረክቦ ክሊራንስ ካላገኘ ጡረታው አይጀምርም። ከእሷ በፊት ክፍሉን የያዘው ሰው አንድ መለኪያ ጎድሎበት አራት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አይታለች። የሞተው ፋይሉን በብብቱ እንደያዘ ደረጃ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሲት ኢንሳፍ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን የሰማችው ሳይሆን ያየችው ያኔ ነው።

እና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንጹሕ ክሊራንስ ይዛ ወጥታ፣ ራሺድ ከተማ ካለችው ታላቅ እህቷ ጋር መኖር። «የእህቴ ቤት ጓሮ የዘይቱና ዛፍ አለ» ትላለች። «ፀሐይ ፊቴ ላይ እስክትወጣ እተኛለሁ። ከዚያ ደግሞ ዛፉ ሥር ወጥቼ እተኛለሁ። ማንንም አሳየኝ አልልም።» ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ የክፍሉ ወለል ክረምት ከበጋ እርጥብ ስለሆነ እርጥበቱ አጥንቷ ገብቷል። ለመለኪያዎቹ ሩዝ ነበራቸው፣ ለእሷ ምንም አልነበራትም።

አሁን ስለ ቁጥር አራት ልናገር። ይህን ስናገር ፊቴ ይቀላል፣ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ የዒድ አል አድሃ ዋዜማ፣ ቁጥር አራትን ለአስቸኳይ ሥራ አወጣሁ። ሥራው ሲያልቅ ሲት ኢንሳፍ ወደ ቤቷ ሄዳ ስለነበር የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት፤ ሳጥኑን መኪናዬ ውስጥ ተውኩት፤ እኔ ደመንሁር ወደ ወላጆቼ ሄጄ አሥር ቀን ሥጋ በላሁ። የዚያን ሰሞን ሙቀት አትጠይቁኝ። ስመለስ ከፈትኩት፤ ድንጋዮቹ አልቅሰው፣ አረንጓዴና ነጭ ነገር ሆዱን ሞልቶታል። በጥርስ ብሩሽ ጠራርጌ አዲስ ድንጋይ ከተትኩበት። በራ! ሲበራ ጊዜ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሲት ኢንሳፍ ለቅሶ ልትደርስ የሄደችበትን ሰዓት ጠብቄ ምስማሩ ላይ ሰቅዬው ወጣሁ።

ማታውን ሳታውቅ አላደረችም። መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የኔ ነው። በማግስቱ በኮሪደሩ ሳልፍ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፣ እኔም ምንም አላልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር አራት ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታሰረበት።

የቁጥር አራት በሽታው መጥፎ በሽታ ነው። ይበራል፤ ቁጥር ያሳያል፤ አንዳንዴ እውነቱን ይናገራል። አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ አስነክተኸው «ዜሮ» ይልሃል። ሁልጊዜ ቢዋሽ ይሻል ነበር። ሲት ኢንሳፍ ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፈች። ኮሚቴው አልመጣም። ኮሚቴው እስኪመጣ ደግሞ ዕቃው እንዳይወገድ፣ እንዳይፈታ፣ ከቦታው እንዳይነሳ ደንቡ ያዛል። ስለዚህ በሽተኛው ከጤነኞቹ መሃል፣ በአራተኛው ምስማር ላይ፣ ቀይ ክሩን እንዳሰረ አራት ዓመት ተንጠለጠለ። እኛም ቀይ ክሩን ስናይ እጃችንን መሰብሰብ ለመድን።

ሰባተኛው ምስማር ላይ ደግሞ የሁላቸው ንጉሥ አለ። ቁጥር ሰባት የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ከሁሉም ውድ፣ ከሁሉም ትክክለኛ። ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። እንድንጠቀምበት በለመንናት ቁጥር፣ «እሱ ከተጫረ እኔ ነኝ የምጫረው» ትለን ነበር።

ኅዳር መጣ። ሲት ኢንሳፍ ጡረታ ልትወጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀራት፤ አስረካቢ ኮሚቴው ረቡዕ እንደሚመጣ ተነገራት። እሑድ ቀኑን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ስትወለውል ዋለች። በደረቅ ጨርቅ ጠረገች፣ ከረጢቶቹን አጠበች፣ ለሁሉም አዲስ ድንጋይ ከተተች። ኮሚቴው የሚያየው ዕቃው መኖሩንና መብራቱን ነውና።

ሰኞ ዕለት መክነሳ መጣች። እኛ ማዕበሎቻችንን በስም እንጠራቸዋለን፤ የኅዳሯ ስሟ መክነሳ ነው፣ መጥረጊያ ማለት ነው። ጠዋት ደመናውን ያየ ሁሉ «ዛሬስ ትጠርገናለች» ብሎ ነበር፤ ጠረገችን። ከምሳ በኋላ ዝናቡ በባልዲ ወረደ። ከድልድዩ ሥር ያለው መተላለፊያ ሞላ። አንድ ሚክሮባስ ከነተሳፋሪው ውሃው መሃል ቆመ፤ ውሃው በሩን አልፎ ወንበር ላይ ወጣ የሚል ስልክ መጣ። በዚያው ደቂቃ ሦስተኛው ፓምፕ ቀጥ አለ። የቢሮዎቹና የዕቃ ክፍሉ መብራትም አብሮ ጠፋ።

ወደ ሲት ኢንሳፍ ክፍል ሮጥኩ። ጨለማ ነው። እጄ ያገኘውን የመጀመሪያ ከረጢት ከምስማሩ መንጭቄ ወጣሁ።

«ገሪብ! ቁም! አሳየኝ!»

«በምን ላሳይዎት፣ ሶኬቱ ሞቷል!» ብዬ ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ተከተለችኝ። ያቺ ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ የምታርፍ ሴት፣ ነጠላ ጫማዋን ጥላ፣ ውሃ እያንቦራጨቀች ተከተለችኝ። የፓምፕ ቤቱ በር ላይ ደርሳ የከረጢቱን ማንጠልጠያ ያዘች። አልለቅም አለች። እኔ እጎትታለሁ፣ እሷ ትጎትታለች።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ፣ ወጣቱ መሀንዲስ ረኡፍ፣ በአንድ ጆሮው ስልክ ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መለኪያው አልተፈተሸም» አለች።

«ሲት ኢንሳፍ! ሰው እየሰጠመ ነው!»

«ሰባት ደቂቃ ስጡኝ።»

«ሰው እየሰጠመ እርስዎ ስለ ክሊራንስዎ ነው የሚያስቡት? ዕቃው ቢበላሽ እኔ እፈርማለሁ፣ በአላህ ይልቀቁት!»

ይህን ሲላት ፊቷን አየሁት። የሆነ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ተመለሰ። ከዚያ ጮኸች፤ ሲት ኢንሳፍ ስትጮህ ሰምተን አናውቅም፣ ትነዘንዛለች እንጂ አትጮህም።

«ሸሐታ! የፒክአፑን ኮፈን ክፈተው!»

ሸሐታ ከእኛ ሁሉ እሷን ነው የፈራው፤ ከፈተው። የጠረጴዛ ላስቲክ አምጥቶ ከላያችን ዘረጋ። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ እየደበደበ፣ ማዞሪያውን አስተካክዬ ጫፎቹን የመኪናው ባትሪ ላይ አሳረፍኩ።

ዜሮ።

ጫን አደረግኩ። ዜሮ።

«ባትሪህ ሞቷል» አልኩት ሸሐታን።

«ምን ሞቷል ትላለህ፣ አሁን አስነስቼው አይደል የመጣሁት!» አለና በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ጥሩንባውን ተጫነው። ጥሩንባው ጮኸ። መሃላችን እየጮኸ፣ መለኪያው እጄ ላይ ዜሮ ይላል።

ሸሐታ እጁን አነሳ። መለኪያውን ገለበጥኩት። ከጀርባው፣ በሲት ኢንሳፍ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ «4» ይላል። ቀይ ክር የለበትም። አሸተትኩት መሰለኝ፤ ያ የድንጋይ ዕንባ ሽታ ከአራት ዓመት በኋላም አልለቀቀውም።

ቀና ስል ሲት ኢንሳፍ የለችም። ስትመለስ ሁለት ዕቃ ይዛለች፤ በግራ እጇ ቁጥር ሁለት፣ በቀኝ እጇ ቁጥር ሰባት ከነላስቲኩ። ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልነካውን ዕቃ በዝናብ ውስጥ እጄ ላይ አኖረችው።

«አሳየኝ።»

አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ቁጥር ሁለትም ያንኑ አለ።

«ሂድ» አለችኝ።

ሄድኩ። የሦስተኛው ፓምፕ የኤሌክትሪክ ሳጥን ከእንጨት መቆሚያ ላይ ነው፤ ሥሩ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶታል። ዋናውን ማጥፊያ ቀደም ብዬ አውርጄዋለሁ፤ እጀታው ወደ ታች ነው፤ ለዓይን ሁሉ ነገር ሞቷል። ካቻቢቴዬን በጥርሴ ይዤ የመጀመሪያውን መስመር ለካሁ፤ ዜሮ። ሁለተኛውን፤ ዜሮ። ሦስተኛውን፤ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት።

የማጥፊያው አንዱ ምላስ ቀልጦ ተጣብቆ ኖሯል። እጀታው ወርዶ እሱ ግን አልወረደም።

ሰው ሲደነግጥ እጁ የራሱ አይደለም። ወደ ኋላ ስዘል ቁጥር ሰባት ከእጄ አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ጠለቀ። እኔ መቆሚያው ላይ ቁጭ አልኩ። በቁጥር አራት ለክቼ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ዜሮ ይሉኝ ነበር፤ ጓንቴን አውልቄ፣ ቡሎኑን በጣቴ ይዤ… ይኸው እስከ ዛሬ አንዳንድ ቀን እጄን እያየሁ እቀመጣለሁ።

ከውጭ ምሰሶው ላይ መስመሩን ቆረጥን፣ በቁጥር ሁለት ለካን፣ ሠራነው፣ ፓምፑ ተነሳ። የሚክሮባሱን ሰዎች ወጣቶች በትከሻቸው አወጧቸው፤ የጠፋ ሰው አልነበረም። መሀንዲስ ረኡፍ ሲት ኢንሳፍ ጋ መጥቶ ግንባሯን ሳማትና፣ ቁጥር ሰባት በአደጋ ጊዜ በሥራ ላይ እንደጠፋ ቃለ ጉባኤ ጻፈላት። ወረቀት ካለው የቁጥር ሰባት ነገር አያሳስብም አላት።

አመሻሹ ላይ የክፍሏ ደፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታደርቅ አገኘኋት። ሻይ ይዤላት ሄድኩ። አልጠጣችውም።

«ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እሑድ ዕለት። ኮሚቴው ቀይ ነገር ካየ ይጠይቃል። ከጠየቀ የአስወጋጅ ኮሚቴው ይምጣ ይላል። እነሱ እስኪመጡ እኔ እዚሁ እሞታለሁ። ይበራል አይደል፣ ከበራ ይበቃቸዋል፣ ልለፍ አልኩ።» ጉልበቷን አሸች። «ሠላሳ አንድ ዓመት አሳየኝ ስል ኖሬ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት እኔ ደበቅኩ። ባዶውን ምስማር በጨለማ ስዳስሰው ነው የገባኝ። መናገር አቃተኝ፣ ገሪብ። መሀንዲሱ ሲጮህብኝ ቁጥር አራት ነው ማለት አቃተኝ። የሰው ፊት ፈራሁ።»

«እኔም እኮ…» አልኩና ቆምኩ። የአራት ዓመቱን ነገር ልነግራት ነበር። «እኔም ቸኩዬ ነው» አልኩ። ይኸው ነኝ እኔ።

ረቡዕ አስረካቢ ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ፋክሪ የሚባል፣ ከዋናው ቢሮ የመጣ፣ ካልሲው ከክራቫቱ ጋር የሚመሳሰል ሰው ነው። ክፋት የለበትም፤ ዝርዝሩን ያነብባል፣ ዕቃውን ያበራል፣ ምልክት ያደርጋል። አንዱንም ሶኬት ላይ አልሰካም። ቁጥር አንድ፣ አለ። ሁለት፣ አለ። ሦስት፣ አለ።

ቁጥር አራትን ከከረጢቱ አወጣው። አበራው። ዜሮዎቹ ተደርድረው ወጡ።

«ማሻአላህ! እንደ አዲስ ነው። ሁሉም ሰው እንደርስዎ ዕቃ ቢይዝ» አለና «ደህና» ብሎ ጻፈ።

ሰባት ላይ የረኡፍን ቃለ ጉባኤ አያይዞ አለፈ። እስከ አሥራ አንድ ጨረሰ። ወረቀቱን ወደ ሲት ኢንሳፍ አዞረና እስክሪብቶውን ከላዩ አኖረላት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ። ከዚያ ራሺድ ሄደው ዓሣዎን ይብሉ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ በአላህ፣ ፈርሚው፣ ፈርሚውና ነገሩ ይለቅ እያልኩ ነበር። ስለ እሷ ብቻ አልነበረም፤ ከፈረመች የኔም ነገር አብሮ ይቀበራል።

«ቁጥር አራት አይሠራም» አለች።

«አብርቼዋለሁ እኮ።»

«ይበራል። ይዋሻል። አይሠራም ብለህ ጻፍ።»

ፋክሪ መነጽሩን አወለቀ። «ሲት ኢንሳፍ፣ እንደዚያ ከጻፍኩ ክሊራንስዎ ይቆማል። አስወጋጅ ኮሚቴው መምጣት አለበት። እስኪመጣ ዕቃው እዚሁ ይሰቀላል።»

«አሥራ አራት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ። የማይመጡትን ምን ላድርጋቸው? ቀጣዩ ተረካቢ ይጨነቅበት። እርስዎ ደክመዋል። ይፈርሙ።»

ተረካቢ ተብላ የመጣችው ሴት ከሒሳብ ክፍል የተዛወረች ናት፤ ከኋላ ቆማ ስልኳን ታያለች። ሲት ኢንሳፍ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ምስማሮቹን አየች። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ቁጥር አራትን አንስታ ወጣች። ተከተልናት፤ ፋክሪም ዝርዝሩን እንደያዘ ተከተለ። ኮሪደሩን በዝግታ፣ ግድግዳውን እየያዘች ሄደች። የመምጠጫው ጉድጓድ አጠገብ ስትደርስ እንደ አሮጌ ቁና ወረወረችው። ውሃው ዋጠው።

«ቁጥር አራት የለም» አለች። «ጠፋ ብለህ ጻፍ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ፋክሪ፣ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ» አለና ግንባሩን ያዘ። «ምን ነካዎት? ምን አደረጉ? ይሄን እኮ እኔ መመለስ አልችልም!»

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። «መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ድንጋዩን ረስቼ ያስበላሁት እኔ ነኝ። በስሜ ይጻፍልኝ።»

ሲት ኢንሳፍ ሳትቆጣ አየችኝ፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል።

«አንተ ዝም በል። አራት ዓመት ዝም ያልክ ሰው ዛሬ ምን አናገረህ?»

ፋክሪ በአራተኛው መስመር ላይ፣ «ደህና» የሚለውን ሰርዞ «በያዢው ሆን ተብሎ የጠፋ» ብሎ ጻፈ። እሷም ፈረመች።

ይህ ከሆነ ሁለተኛ ክረምት ገባ። እኔ ምስክርነቴን ጽፌ ፋይሉ ላይ አያይዣለሁ፤ ፋይሉ አሁን ወፍሯል፣ አልተንቀሳቀሰም። ክፍሉን የሒሳብ ክፍሏ ሴት አልፈልግም ስላለች እኔ ፈርሜ ተረክቤያለሁ፤ ዘጠኝ መለኪያዎች በስሜ አሉ። ሰዎቹ እኔንም ሰለቹኝ። ሸሐታ፣ «የሲት ኢንሳፍ ጂን ገብቶብሃል» ይለኛል።

ሲት ኢንሳፍ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከራሺድ በሚክሮባስ ትመጣለች፤ ስለ ክሊራንሷ ልትጠይቅ። ከዚያ ጠዋት በስተቀር ተኝታ ታረፍድ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር፤ እንቅልፍ እንቢ ብሏታል፣ በለመደችው ሰዓት ትነቃለች። ፎቁ ላይ ያለው ቢሮ አራት ዙር ደረጃ መውጣት ስለሚጠይቅ መጀመሪያ የኔ ክፍል ደፍ ላይ ቆማ ታርፋለች። ዘይቱና በፌስታል ታመጣልኛለች። ሳትጠይቀኝ ከምስማሩ አንዱን አውርጄ ሶኬቱ ላይ እሰካለሁ፤ ጎንበስ ብላ ታነባለች።

«ሁለት መቶ ሃያ አንድ» ትላለች። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዛ መውጣት ትጀምራለች።